የአምስተኛው ፎቅ ፈቃድ

ቁልፍ ሠሪው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አምስተኛ ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ማንም «ወዴት ነህ?» ብሎት አያውቅም ነበር። ካዝና እንቢ ሲል ይጠሩታል፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፍ አድርጎ ያዞራል፣ ይከፍታል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ባለወረቀቶቹ ወረቀታቸውን አውጥተው ሲጨርሱ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ዘግቶ ይወርዳል። ፊትህን አዙር ያለው ሰው የለም፤ ራሱ ያመጣው ሥርዓት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ካዝናው ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን አላየም፣ ማየትም አላማረውም። ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «መፍቻ» ይለዋል። ልጅ እግሮቹ «ጋሽ መፍቻ»፣ ኃላፊዎቹ ደግሞ «ያ መፍቻ የሚሉት ሰውዬ»።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደረጃው አናት ላይ የመስታወት በር ተገትሮ አገኘ። ከበሩ ጎን ዘበኛ፣ ከዘበኛው ራስ በላይ ማስታወቂያ። ከእንግዲህ ወደዚህ ፎቅ የሚገባ ሁሉ፣ ኃላፊም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ፣ የምስጢር ፈቃድ ያወጣል። ፈቃድ ያላገኘ ወደ ሌላ ሥራ ይመደባል።

ለመፍቻ «ሌላ ሥራ» ማለት ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። የመሳቢያና የሽንት ቤት ቁልፍ መቅረጽ። የካዝና አበሉም ይቀራል። አበሉስ ይቅር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ግን እሱ ብቻ የሚችለው ነገር ካዝና ነው። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው፣ ዲግሪያቸውን በመስታወት አስገጥመው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው እሱ እስኪጨርስ የሚጠብቁበት ሌላ ቦታ የለውም። ያ በር ከተዘጋበት የቀረው ቱታ ብቻ ነው።

ፎርሙ አሥራ አራት ገጽ ነበር።

በጥገና ክፍል ፎርም የሚሞላበት የራሱ መንገድ አለ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መፍቻ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና አናጢው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይጋራሉ። ከአራቱ ጽሕፈቱ የሚያምረው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። እሱ አንዱን አሳምሮ ይሞላል፣ ያቺ «እናት ፎርም» ትባላለች። የቀሩት ከእናቲቱ እየገለበጡ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ብቻ ይለውጣሉ። የዓመት ፈቃድም፣ የሕክምናም፣ የቱታና የጫማ ጥያቄም ሲሞላ የኖረው እንዲህ ነው። ላይ ያሉት አንብበውት ስለማያውቁ እነሱም ተጠይቀው አያውቁም።

«ቁጥር አሥራ ሁለት ምን ይላል?» ይላል ቧንቧ ሠራተኛው፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ እየጻፈ።

«ውጭ አገር ኖረው ያውቃሉ ወይ። የለም በል።»

«አሥራ ሦስትስ?»

«የለም።»

«አሥራ አራትስ?»

«የልጆች ብዛት ነው። እሱን የራስህን ጻፍ።»

«አንተ ስንት አልክ?»

«ሁለት ሴት።»

ቧንቧ ሠራተኛው አራት ወንዶች ልጆች አሉት። ትንሽ አሰበና ሁለት ሴት ብሎ ጻፈ። ከእናቲቱ መለየት ይፈራል።

ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ አናጢው ሳቁ አፈነው። ጥያቄው ያልከፈሉት ዕዳ ወይም በገንዘብ የተከሰሱበት ጉዳይ አለ ወይ ይላል። እናቲቱ «የለም» ትላለች። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ከሻይ ቤቷ ሴት እስከ ጋራዥ ዘበኛው ድረስ ያልተበደረው ሰው የለም።

«ዕዳ የለብኝም ነው ያልከው?» አለ አናጢው። «የእኔን መቶ እንኳ ብትጽፍ ምን አለበት?»

«እኔ ሌላ፣ እናት ፎርም ሌላ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «እሷ ንጹሕ ናት።»

ሳቁ። መፍቻም ከእነሱ ጋር ፈገግ አለ፣ እስክሪብቶው ግን ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ።

ነገሩ የሚስቱ ወንድም ነው። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመፍቻ ቤት ጣሪያ በስብሶ በአራት ባልዲ ሲኖሩ፣ ነጋዴው ለቆርቆሮውም ለእንጨቱም ለሠራተኛውም አበደረው። በሁለት ምስክር ፊት ተፈራረሙ። ጣሪያው ቆመ። በዚያው ዓመት የመፍቻ ልጅ ስትመረቅ ቤቱ ዘመድና ጎረቤት ሞላው። መሀል ላይ ዝናብ መጣ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ያስተጋባ ጀመር። ያን ጊዜ ነጋዴው ብርጭቆውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ «ጣሪያው የእኔ፣ ድምፁ የእሱ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ። «ሃያ አራት ሰዓት ካዝና ሲከፍት የሚውል ሰው» ብሎ ቀጠለ፣ «የቆርቆሮ መግዣ አጣ ብትሉት ማን ያምናል?»

ከሁሉ ልጁ ሳቀች። የገዛ ልጁ፣ የምርቃት ልብሷን እንደለበሰች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

መፍቻ ከዕዳው ግማሹን በፖስታ አጠራቅሞ ነበር። በማግስቱ ፖስታውን ይዞ ወጣና ቁም ሳጥን ገዛበት። ሚስቱ ስትጠይቀው «ወንድምሽ ሒሳቡን ትናንት ተቀብሏል» አላት። ከዚያ በኋላ ሳንቲም አልከፈለም። ነጋዴው ሁለት ዓመት ታግሦ ከሰሰው። ሚስቱ ወንድሟ ቤት ሄዳ አለቀሰች፣ ክሱ በመጀመሪያው ቀጠሮ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ያነሣው የለም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ሁለቱም በሌላ ሰው በኩል ነው የሚነጋገሩት።

እና መፍቻ አሁን እስክሪብቶውን ይዞ ሲያስብ ዕዳ አለብኝ ብሎ አላሰበም። ተሰደብኩ ነው ያሰበው። ስድብ ያለበት ሳጥን ደግሞ አሥራ አራቱም ገጽ ላይ የለም። «የለም» ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ይህን ፎርም በራሴ እጅና በእውነት ሞልቻለሁ» ከሚለው ሥር ፈረመ። አራቱም ፈረሙ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሁለተኛ ፎቅ ተጠራ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንገቱ የላላ ማራገቢያ። መርማሪዋ ልጁን የምታህል ሴት ናት። ብድግ ብላ ተቀበለችው።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

ተቀመጠ። አራቱ ፎርሞች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ኤሌክትሪሺያኑና ቧንቧ ሠራተኛው ወንድማማቾች ናቸው?»

«አይደሉም።»

«የእናታቸው ስም አንድ ነው።»

መፍቻ ፎርሞቹን አየ።

«አናጢው ደግሞ ሥራ በሚለው ቦታ ኤሌክትሪሺያን ብለዋል።»

«መስመር ስቶ ይሆናል።»

የከንፈሯ ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ። «ሦስቱም እንደገና እንዲሞሉ አዝዣለሁ። ልማድ ነው፣ ገብቶኛል። እርስዎን ለብቻ የጠራሁት በቁጥር ሠላሳ አንድ ነው።» አንድ ቀጭን ፋይል ገለጠች። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት በብድር ተከሰው ነበር። ክሱ ተነሥቷል። ዕዳው መከፈሉን ግን መዝገቡ አይልም።»

ማራገቢያው ዞሮ መጣና ወረቀቶቹን ነካ። በመዳፏ ያዘቻቸው።

«ይስሙኝ ጋሼ። ዕዳ ቢኖርብዎ አይከለክልዎትም። በደመወዝ እየኖረ ዕዳ የሌለበት ስንት ሰው አለ? እኛ የምንፈራው የተደበቀውን ነው። ዕዳዎን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ‹እዚያ ካዝና ውስጥ ያለችውን ወረቀት› ቢልዎ፣ ‹ሂድ ንገራቸው፣ ያውቁታል› ብለው እንዲያባርሩት ነው። ለዚህ ነው የምንጠይቀው። ሌላ ነገር የለውም።»

ደግ ንግግር ነበር። መፍቻ ግን ከዚያ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀት ልትሸጥ ትችላለህ ማለቷን።

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምቆመው» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም።» ከዚያ፣ ሊል ሳያስብ፣ «እሱ ተከፍሏል» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«ተከፍሏል?»

«ያኔውኑ። ክሱ እንደተነሣ።»

«ደረሰኝ አለዎት?»

«አለኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሁን ያሉኝን አልጻፍኩም። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለዎት። ወይ ደረሰኙን፣ ወይ በራስዎ እጅ የተሞላ አዲስ ፎርም ያምጡልኝ። አለብኝ ቢሉም እኔ ዘንድ ያው ነው። እንዲያውም ይቀለኛል።»

ምድር ቤት ሲወርድ ኤሌክትሪሺያኑ አዲሱን ፎርም ሞልቶ አስረክቦ ቁጭ ብሎ ነበር። የተገላገለ ሰው ፊት ነው ያለው።

«ሁለት ገጽ ዕዳ ጻፍኩ» አለ። «ቦታው ጠበበኝና ተጨማሪ ወረቀት ስጪኝ አልኳት።»

«ምን አለችህ?» አለ አናጢው።

«‹ይሄ ሁሉ ሻይ ነው?› አለችኝ።»

«አላፈርክም?»

«ለምን አፍራለሁ? ሰዎቹ ሲያበድሩኝ አላፈሩ።» ወደ መፍቻ ዞረ። «ጋሼ፣ ጻፉና ይገላገሉ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። የምትፈልገው እንድንናዘዝላት ነው።»

«እኔ ያለብኝ ዕዳ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መፍቻ ሞረዱን አነሣና አንድ ያለቀ ቁልፍ ይሞርድ ጀመር። ኤሌክትሪሺያኑ «እሺ፣ የእርስዎ ነገር» ብሎ ተወው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር። ነገራት። በአጭሩ ነው የነገራት፤ ፎርም፣ ሐሙስ፣ ደረሰኝ። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«አለብኝ ብለህ መጻፍ ምን አቃተህ?»

«ተከፍሏል ብያለሁ።»

«ያልከውንማ ሰማሁ።» ክሩን መዘዘች። «አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ጣሪያ ሥር ተኝተሃል። አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየኸውም። እኔ ነኝ ሚስማሩ ሲላላ የማስመታው፣ እኔ ነኝ ቅጠሉን የማስጠርገው። ጣሪያው ምን አደረገህ?»

«ነገር አታብዢ።»

«ነገርማ አንተ ጋ ነው ያለው፣ ከእኔ በላይ ቆጥበኸዋል። ወንድሜ ጋ ሂድ። አልቃሽ አልሆንልህም ደግሞ፣ አንዴ አልቅሻለሁ።»

ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። የነጋዴው ሱቅ ካቻምና ወደ ዋናው መንገድ ዞሮ ሰፍቷል። ቧንቧ በርዝመቱ ተደርድሮ፣ የሸክላ ካርቶን እስከ ኮርኒሱ ተከምሮ፣ ነጋዴው በመሀሉ አንድ እግሩን የቀለም ባልዲ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ከስቷል። ስኳር ነው ብላ እህቱ ለመፍቻ ነግራው ነበር። መፍቻን ሲያይ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ግባ፣ ግባ። ሚስማር ፈልገህ ነው?»

«ወረቀት ፈልጌ ነው።»

«ወረቀት አልሸጥም እኔ።» በእጁ ወንበር አሳየው። መፍቻ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነገረው። ሲነግረው የሲሚንቶ ከረጢቶቹን ነበር የሚያየው።

«ቆይ፣ እስቲ ይግባኝ» አለ ነጋዴው። «ተቀብያለሁ ብዬ ልፈርም?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የተቀበልኩት?»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት።»

«ይገርማል። ኪሴ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ሳያሰማኝ።» ሳቅ ሊል ነበር፣ የመፍቻን ፊት አይቶ ተወው። እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ከባልዲው አወረደ። «ስማኝ። ሌላ ነገር ልጻፍልህ። ትቼለታለሁ፣ ምሬዋለሁ ብዬ ልጻፍ። በዛሬ ቀን። እሱ እውነት ነው። ክሱን ያነሣሁ ዕለት ነው የተውኩት፣ እህቴም ታውቃለች። አንድ መስመር ነው፣ ይዘህላት ትሄዳለህ፣ አለቀ።»

«ምሬዋለሁ?»

«ሌላ ምን ይባላል ታዲያ?»

መፍቻ ቃሉን ወረቀት ላይ አየው። ልጁን በምታህል ሴት ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ ፋይል ውስጥ። ከዚያ አምስተኛ ፎቅ፣ ዲግሪ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ አንድ ኃላፊ ሻዩን ፉት እያለ ሲያነበው። ምረውታል። ጣሪያውን ምረውታል።

«አልለምንህም» አለ።

«ለምነህ ነው እኮ የመጣኸው፣ አማቼ።»

«ተቀብያለሁ በል። ሌላ አልፈልግም።»

ውጭ አንድ ጋሪ ብረት ጭኖ አለፈ፣ ድምፁ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ።

«ያኔም እንዲህ ነበርክ» አለ ነጋዴው በመጨረሻ። «አንድ ቀልድ ብናገር።»

«ቀልድ አልነበረም።»

«ቀልድ ነበር።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው። «መጥፎ ቀልድ ነበር። ያኔውኑ ነው የገባኝ። ልጅቷ ስትስቅ ፊትህን አይቼዋለሁ። ይቅርታ ልልህ ብዬ በር ድረስ ስንት ቀን መጥቻለሁ።»

መፍቻ ይህን ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። ሲላጭ፣ ካዝና ሲያዞር፣ በልቡ ለነጋዴው መልስ ሲሰጥ ኖሯል። አሁን ሲሰማው ምንም አልሆነም። ደስታም ንዴትም የለም። ጥርሱ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩን በጣቱ ሲነካ እንደሚሰማው ነው። የእሱ እንደሆነ ያውቃል፣ ግን የለም።

«ትፈርምልኛለህ?» አለ።

ነጋዴው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። መሳቢያውን ስቦ የደረሰኝ ጥራዝ አነሣ። መጠኑን ጻፈ፣ ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ከዚያ ጥራዙን ከነእስክሪብቶው ወደ እሱ ገፋው።

«ቀኑን አንተ ጻፍ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልነበረ ቀን በእጄ አልጽፍም።»

መፍቻ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቀጥ ያለ፣ የተጠነቀቁበት ጽሕፈት ነበር። ወረቀቱን ቀድዶ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ነጋዴው «ለእህቴ ሰላም በልልኝ» አለው። «እሺ» አለ። አልነገራትም።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ደረሰኙን ተቀብላ አነበበች። ገለበጠችው። መልሳ ገለበጠችው። ከዚያ ወደ እሱ አዞረችና ጥፍሯን ከግርጌው ላይ አደረገች።

«እቺን ያነቧታል ጋሼ?»

ከማኅተሙ በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጉንዳን የሚያህሉ ፊደላት ተሰልፈዋል። የማተሚያ ቤቱ ስም፣ የጥራዙ ቁጥር፣ የታተመበት ዓመት። ካቻምና።

መፍቻ ቁልፍ ጥርስ ላይ ያለች የፀጉር ክር የምታህል ጭረት በዓይኑ የሚለይ ሰው ነው። ይህን ወረቀት ሌሊቱን ደረት ኪሱ ውስጥ አሳድሮ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ ገልጦ አይቶታል። ያየው «ተቀብያለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር።

«ቀኑን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሳቸውስ?»

«እሱ አልጽፍም ብሏል።» ወደ እሷ ቀና ብሎ «ይጠራል?» አለ።

«አይጠሩም። ቀኑን አልጻፉም።»

ማራገቢያው ዞረ። መርማሪዋ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። የደከማት ትመስል ነበር፤ ገና ጠዋት ነው።

«ሰኞ ዕለት አለብኝ ቢሉኝ ኖሮ ያኔውኑ ፈርሜ ነበር። እሳቸው ትቼለታለሁ ብለው አንድ መስመር ቢጽፉልዎ እንኳ በቂ ነበር።»

«ብሎኝ ነበር።»

«ምን?»

«ትቼዋለሁ ብዬ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልፈለግሁም።»

አንድ ወረቀት ሳበችና መጻፍ ጀመረች፣ ስትጽፍ ቀና ሳትል ተናገረች።

«በዕዳው አይደለም የተከለከሉት። ዕዳው እዚህ ላይ አይገባም። የምጽፈው ፎርሙን፣ ሰኞ ያሉኝንና ይህን ደረሰኝ ነው። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«ልዩነት አለው?»

«ለእኔ አለው።»

«እሺ» አለ መፍቻ። ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ የበሩ ምላስ እየላላ መሆኑን እጁ አወቀው። አልተናገረም።

የአምስተኛ ፎቅን ቁልፎች በዚያው ቀን አስረከበ። ለመጨረሻ ጊዜ የቁልፎቹን ቀለበት ከወገቡ ሲያወልቅ ንብረት ክፍል ያለችው ሴት ቆጠረች፣ አስፈረመችው፣ «ቀለለዎት አይደል?» አለችው። «ቀለለኝ» አላት። በወሩ ደመወዝ ወረቀት ላይ የካዝና አበል የሚለው መስመር ሰረዝ ተደርጎበት መጣ። ሚስቱ ወረቀቱን አየች፣ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስገባች፣ ሹራቧን አነሣች።

ሦስቱ ፈቃድ አገኙ። ኤሌክትሪሺያኑ ከነሁለት ገጹ፣ አናጢው አናጢ ሆኖ፣ ቧንቧ ሠራተኛው አራት ወንዶች ልጆቹን መልሶ አግኝቶ። ከሦስቱ ባለፈቃዶች ደግሞ እጁ ከብረት ጋር የሚስማማው ቧንቧ ሠራተኛው ነው ተባለ፤ ካዝናው ለእሱ ተሰጠ። መፍቻ እንዲያስተምረው በደብዳቤ ታዘዘ። ደብዳቤው ላይ ስሙ በትክክል ተጽፎ ነበር፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

አስተማረው። በተጣለ የካዝና በር ላይ፣ ምድር ቤት፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ። ቧንቧ ሠራተኛው ቅን ሰው ነው፣ ግን ጆሮ የለውም።

አንድ ማክሰኞ ትልቁ ካዝና እንቢ አለ። ኃላፊው ወረቀት ቸኩሎበታል። ቧንቧ ሠራተኛው ላይ ታች ሲል ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ መፍቻ እስከ መስታወቱ በር ድረስ እንዲመጣ ተፈቀደለት። ዘበኛው ጎን ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛው ላብ በላብ ሆኖ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ይይዘኛል።»

«ምን ድምፅ አለው?»

«የብረት ድምፅ ነው።»

«ሁሉም ብረት ነው። እጀታው ይነቃነቃል?»

«ትንሽ።»

«በጉልበት ነው ያዞርከው?»

«ምን ላድርግ፣ ሦስት ሰው ቆሞ ሰዓቱን እያየብኝ።»

በመስታወቱ ውስጥ ሦስቱ ኃላፊዎች ይታያሉ፣ እጃቸውን አጣጥፈዋል። መፍቻ ነገሩ ገብቶታል። የካዝናው በር በራሱ ክብደት ዘምሟል። እጀታውን ወደ ላይ ትንሽ ደገፍ ቢያደርገው ይለቃል። ወደ ታች ተጫን ቢለው ደግሞ ምላሱ ይነከስና ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ማንም አያውቅበትም። ይህን አሰበው። ሐሳቡ መጣና ፊቱ ቆመ፣ በመንገድ ላይ ሲያልፍ እንደሚያዩት የማያውቁት ሰው። ሰላም ሳይለው አለፈው።

«እጀታውን ከሥሩ ደግፈው» አለ። «ወደ ላይ። በሁለት ጣት ብቻ። ከዚያ አዙር።»

ቧንቧ ሠራተኛው ገባ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ደረጃው አናት ላይ መቆምም ተከልክሏል። አሁን ነው የደወሉልኝ።»

«የት ልቁም?»

«አራተኛ ላይ።»

አራተኛ ፎቅ ወረደና የደረጃውን ብረት ተደግፎ ቆመ። ከላይ የሚሰማ ነገር አልነበረም። አንዲት ሴት ፋይል አቅፋ አለፈች፣ ሰላም አለችው፣ ሰላም አላት። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ፣ ፊቱ በርቷል።

«ተከፈተ ጋሼ። ኃላፊው እጄን ጨበጠኝ።»

«ጥሩ።»

«ማነው ያሳየህ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«በራሴ ነው አልኩት» አለና ሳቀ። የመፍቻን ፊት ሲያይ ሳቁን ሰበሰበ። «ቀልዴን ነው፣ ጋሼ። ጋሽ መፍቻ ነው ያሳየኝ ነው ያልኩት።»

ከሁለቱ የቱ እንደሆነ መፍቻ አልጠየቀም። ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ወደ ምድር ቤት ወረደ። የሦስተኛ ፎቅ የሴቶች ሽንት ቤት ቁልፍ ጠፍቶ አዲስ እንዲቀረጽ ጠዋት ታዝዞ ነበር። ጥሬውን ቁልፍ ማሰሪያው ላይ አጠበቀና መሞረድ ጀመረ።